የአሥር ሳንቲም ክፍተት

መስዑድ አምስት ነበረው፤ እኔ ሦስት። አምስተኛውን ከቁንዝላ በጀልባ ጭኖ ባመጣ ቀን ተናድጄ አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገርሁትም። ሌላው ሰው በከብት ይፎካከራል፣ በቤት ይፎካከራል፤ እኛ የምንፎካከረው በአሮጌ የሞረድ ማሽን ነበር። ሞረድ ስል በግራና በቀኝ ክብ ድንጋይ ተገጥሞለት ባንኮ ላይ የሚታሰረውን፣ ሲሽከረከር ብረት እየበላ ስለት የሚያወጣውን ማለቴ ነው። ሚስቴ የሺመቤት "የሰው ባል ውሽማ ይይዛል፣ የኔው ድንጋይ ያዘ" እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራ ነበር። እኔም ድንጋይ ቀለብ አይጠይቅም እላታለሁ።

ሁለታችንም ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል እንሠራ ነበር። እኔ ፎርማን ነበርሁ፣ እሱ በሥሬ። ግን እጁ ከኔ እጅ የተሻለ ነበር፤ ይህን አንድም ቀን ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም፣ ዛሬ መናገሬም አይጠቅመውም። አባቱ ጣና ዳር ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የሱም ቤት ከሐይቁ ጥግ ነው፤ ከጓሮው በቆርቆሮ የከደናት አንዲት ክፍል አለችው፣ ማሽኖቹ እዚያ ተደርድረው ይኖሩ ነበር።

ሁሉም ስም ነበራቸው። "ጣሊያኑ" ጎርጎራ ላይ ከወረራው ጊዜ የቀረ ነው፤ ሲነሳ እያጓራ ባንኮውን ያንቀጠቅጣል። "ሽማግሌው" በእጅ የሚዞር ነው፤ አንድ የቁንዝላ ዓሣ አስጋሪ ገመድ አስሮበት የታንኳ መልሕቅ አድርጎት ሲኖር መስዑድ አይቶ በአዲስ መረብ ለወጠው። ድንጋዩን ጣለው፣ ብረቱን ግን ሦስት ወር በናፍጣ ሲያጥብ ከረመ። "ጀርመኑ" ደግሞ ከተዘጋ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ድምፅ የሚባል የለውም፤ መዞሩን የምታውቀው ነፋሱ ፊትህን ሲነካህ ነው። እሱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርሁ። መስዑድ ቀደመኝና ወሰደው። ስንት ጊዜ ሽጥልኝ ብዬ ለመንሁት፤ እየሳቀ "ስሞት ትወርሰዋለህ" ይለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያች ክፍል ውስጥ ነበርን። የገበያ ሰው መጥረቢያውንና ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ጀልባ ሠሪዎቹ መሯቸውን ያመጣሉ። መስዑድ ስለት ሲያወጣ ሰው ወሬውን ትቶ ቆሞ ያያል። አንድ ጊዜ የቀበሌ ሰዎች መጥተው "አምስት ሞረድ ምን ያደርግልሃል? ጎራዴ ልትስል ነው?" ብለው ማሽኖቹን አንድ በአንድ መዝግበው ሄደዋል። ያን ቀን እነሱ ከወጡ በኋላ እስኪያመን ስቀናል።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ከድንጋዩ ፊት ለፊት መሮውን ወይም ቢላዋውን የምታሳርፍባት ትንሽ የብረት መደገፊያ አለች። በድንጋዩና በመደገፊያዋ መካከል ያለው ክፍተት ከአሥር ሳንቲም ውፍረት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ፣ ድንጋዩ መሮውን ወደ ታች ይስበዋል፤ መሮው ጣትን ይዞ ይገባል። ድንጋይ ደግሞ በሠራ ቁጥር እያለቀ ይሄዳል፣ ክፍተቱም ይሰፋል፤ ስለዚህ ሁለቱን ቡሎን እየፈቱ መደገፊያዋን ማስጠጋት ነው። ይህን ያስተማሩኝ አሥመራ ሙያ ስማር አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። በቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ በዚያው በሁለቱ ጣት ሳንቲሟን ይዘው ነው ያሳዩኝ። እኔ ለመስዑድ አስተማርሁት። ከዚያ ወዲህ አሥር ሳንቲም ከሁለታችንም ኪስ ጠፍታ አታውቅም። ማሽን ፊት ስንቆም እጃችን ሳናዝዘው ኪስ ይገባል። በሱም በኔም ማሽን አሥራ አምስት ዓመት ሰው ተጎድቶ አያውቅም፤ ኩራታችን እሱ ነበር።

በሰማንያ ሁለት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ወደኛ ቀረበ። በየቀበሌው የወጣት ኮታ ተጣለ። የደረሰ ወንድ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ገረጣ፤ ፋብሪካ ውስጥ ጨዋታ ጠፋ። የመስዑድ ልጅ አብዱልወሃብ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ይፈልጋል፤ ቁመቱ አባቱን አልፏል፣ ዓይን አፋር ነው፣ ሲያናግሩት መሬት ያያል። ከሱ በላይ የተወለዱ ሁለት ወንዶች በወባ ሞተዋል። ከሱ በታች ሸሪፋ የምትባል እህት አለችው። እናቱ ዘኪያ ከቤት በወጣ ቁጥር እስኪመለስ በር በሩን የምታይ ሴት ናት። የልጁ ስም በዝርዝሩ ላይ ወጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ረቡዕ ቀን ቀርቦ ሐኪም አይቶት ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ነው።

በዚያው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ መስዑድ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ምሳውን አልፈታውም።

"ቢያዝን" አለኝ፤ "ቁንዝላ አንድ ዓሣ አስጋሪ አለ አሉ። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት የለችም። ጠርተውት ሄደ፣ ሐኪሞቹ አይተው መለሱት።"

"ታድሎ" አልሁት።

"ታድሎ ትላለህ?"

"ታድሎ ነዋ! ቃታ የሚስብበት የሌለው ሰው ምን ይሠራላቸዋል?"

ምሳውን እንደ ቋጠረው መልሶ ያዘውና ተነሣ። ትንሽ ሄደ፣ ተመለሰ።

"ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቅ በል። ጀርመኑ ትንሽ ይንቀጠቀጥብኛል፤ አብረን እንየው።"

ጀርመኑ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ይህን መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን እንዳሰብሁ ልናገር፤ ጭንቀት ይዞታል፣ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ልጁ ሊወሰድበት ያለን ሰው እያየሁ በልቤ ማሽኑን የማስቀምጥበትን ቦታ እመርጥ ነበር።

ቅዳሜ በቀጠሮዬ ደረስሁ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘኪያ ከቆርቆሮዋ ክፍል ደጃፍ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሻሿ በእጇ ነው፣ ጠጉሯ ተገልጧል። ጠጉሯን ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም።

"ጋሽ ቢያዝን" አለችኝ፤ "ልጄን ማሽኑ በላው። ጣቱን። አባቱ ሐኪም ቤት ይዞት ሄደ። እርስዎ እንዲቆዩት ነግሮኛል።"

ገባሁ። ጀርመኑ ቆሟል። ባንኮው ላይ ደም አለ፣ መሬቱ ላይ መሮ ወድቋል። ሳላስበው እጄ ኪሴ ገብቶ ሳንቲሟን አወጣ። ጎንበስ ብዬ መደገፊያዋን አየሁ። ሳንቲሟ በክፍተቱ ገብታ ሳትነካ ወደ ታች ወደቀች። ጣቴን አስገብቼ ለካሁት፤ ልክ የጣት ውፍረት ነበር።

ደሜ ፈላ። በልጁ ማዘን ሲገባኝ በአባቱ ተናደድሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሳንቲም ሳንቲም ስንል ኖረን፣ በገዛ ልጁ! ወዲያው ደግሞ ሰው የሚለው ታሰበኝ። አሁን ጎረቤት ይመጣል፣ የፋብሪካ ሰው ይመጣል። ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍተት ካየ "መስዑድ በቸልተኝነቱ ልጁን አስበላ" ይለዋል። ያ ስም ከከተማው አይወጣም። እኔ ያስተማርሁት ሰው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ስሙ የኔም ስም ነው።

ወዳጅ ለምን ቀን ነው ብዬ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፉን ከግድግዳው አወረድሁ። ሁለቱን ቡሎን ፈታሁ፣ መደገፊያዋን አስጠጋሁ፣ ሳንቲሟን በመካከል አድርጌ አጠበቅሁ። ሳንቲሟን ሳብሁ፤ እንደ ደንቡ ፈተግ ብላ ወጣች። ከዚያ ጨርቅ በናፍጣ ነክሬ ድንጋዩን፣ ባንኮውን፣ ማብሪያውን ጠረግሁ። መሮውን አጥቤ ከወንድሞቹ ጋር ሰቀልሁት። ዘኪያ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ደጃፍ ላይ የቆመችው ደሙን ስጠርግ ነው። ስለ ሞረድና ስለ ክፍተት የምታውቀው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

"አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ቢያዝን" አለችኝ። "እኔ ደሙን መጥረግ አልቻልሁም።"

መስዑድን ብጠብቀው መሸ፣ አልመጣም። ሐኪም ቤቱ ልጁን አሳደረው አሉ። ለወዳጄ አንድ ነገር አደረግሁለት ብዬ ቤቴ ሄጄ እራቴን በላሁ።

ያን ወር በኛ ቀበሌ ብቻ ሦስት ልጆች ጣታቸውን ተቆርጠው ነበር። አንዱ በመጥረቢያ፣ አንዱ በማጭድ፣ ሦስተኛው አብዱልወሃብ ነው። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ጦሩ አንድ ሃምሳ አለቃ ላከ። እሱና የቀበሌው ሊቀመንበር ወልደ ሐዋርያት መስዑድን ከሥራ ቦታው አስወጡት። እኔንም "ባለሙያ ያስፈልጋል" ብለው ጠሩኝ። ከሐይቁ ዳር ቤቱ ስንደርስ ልጁ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ እስከ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሏል። እንደ ልማዱ መሬት መሬት ያያል።

ሃምሳ አለቃው ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። አልጮኸም።

"እንዴት እንደ ሆነ ንገረኝ" አለው መስዑድን።

"መሮ ሲሞርድ ነው ጌታዬ። ጥፋቱ የኔ ነው። ድንጋዩ አልቆ ክፍተቱ ሰፍቶ ነበር፣ ሳላስተካክለው ቀረሁ። መሮው በክፍተቱ ገባና ጣቱን ይዞት ወረደ።"

ሳይደናቀፍ ተናገረው። ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ።

"እኔም መሣሪያ ጥገና ነው የምሠራው፤ ይህን ማሽን አውቀዋለሁ። የምትለው ነገር ይሆናል" አለ። ጎንበስ አለ። መደገፊያዋን አየ። "የትኛው ክፍተት ነው ታዲያ?"

መስዑድ ወደ ማሽኑ ዞረ። አየ። ቀረብ ብሎ እንደገና አየ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። የቁንዝላው ሰውዬ ገባኝ፣ ያልተፈታው ምሳ ገባኝ፣ የማይንቀጠቀጠው ማሽን መንቀጥቀጥ ገባኝ። ክፍተቱን ራሱ ነው የከፈተው። እኔን የጠራኝ ደግሞ በሰዓቱ ደርሼ ያን ክፍተት እንድመለከት ነው፤ ሲጠይቁኝ ያየሁትን እንድናገር። ምስጢሩን ያልነገረኝ መዋሸት እንደማልችልበት ስለሚያውቅ ነው። ምንም ሳልዋሽ ላድነው ነበር የተዘጋጀልኝ።

ሃምሳ አለቃው ከኪሱ ክብሪት አወጣና አንድ እንጨት በድንጋዩና በመደገፊያዋ መካከል ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። እንጨቱን ለሊቀመንበሩ አሳየው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ቅዳሜ ቀድመህ የደረስህ አንተ ነህ አሉኝ። ስትደርስ እንዲህ ነበር?"

ሦስት ልጆች አሉኝ። "ሰፍቶ ነበር፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ" ብል ማስረጃ ያጠፋ ግብረ አበር ይሉኛል፤ ሁለታችንም እንታሰራለን እንጂ ልጁ አይድንም። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ግን ከተናገርሁ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተናገረው ፍርሃቴ ነው።

"እንዲህ ነበር" አልሁ።

መስዑድ አየኝ። በቁጣ አይደለም። ትንሽ አየኝና ዓይኑን ወደ ገዛ እጆቹ መለሰ። መዳፉን ገልብጦ አየ፣ ጀርባውን አየ።

ሊቀመንበር ወልደ ሐዋርያት ይጮህ ጀመር፤ አብዮቱ፣ እናት አገር፣ አሻጥር፣ የማይለው አልነበረም። ሃምሳ አለቃው ግን ወደ ግቢው ወጥቶ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው። "ሳጥን ለመሸከም ጣት አይፈለግም" አለ፤ "ትከሻ ይበቃል።"

ረቡዕ ዕለት አብዱልወሃብ ፋሻው እንደ ተጠቀለለ መኪና ላይ ወጣ። ዘኪያ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ሮጠች አሉ፤ እኔ አልነበርሁም፣ መሄድ አልቻልሁም። መስዑድ ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

በሁለተኛው ወር ሚስቴ የቋጠረችውን ስንቅ ይዤ እስር ቤት ሄድሁ። ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ቀረበኝ። ከስቷል፤ ጢሙን አሳድጓል።

"ዘኪያ አትመጣም" አለኝ። "ስንቅ በሸሪፋ ትልክልኛለች። ተቀይማኛለች፣ እውነቷን ነው።"

"ምን አድርገህ?" አልሁት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ወደ ሽቦው ተጠጋ። "ቢያዝን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በአላህ። ያን ቀን ስትገባ፣ ክፍተቱ ምን ያህል ነበር? እኔ የጣት ውፍረት አድርጌ ከፍቼው ነበር። በነዚህ እጆቼ ነው የከፈትሁት።"

ይኸው፣ ጠየቀኝ። ዘበኛው ርቆ ነው የቆመው፣ ሰሚ የለም። እዚያ ቦታ ላይ ብነግረው ማንም አያስረኝም ነበር። አፌን ከፈትሁ።

"ሳየው ዝግ ነበር" አልሁት።

ዓይኑን ጨፈነ። "እንግዲያው ራሴ ነኝ" አለ። "ልጁ ሲጮህ ማሽኑን አጠፋሁ፣ ከዚያ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም። እጄ ልማዱን አልተወም ማለት ነው። ደሙ እየፈሰሰ ቡሎን ሳጠብቅ ይታይህ! ለዘኪያም እንዲሁ ብዬ ነው የላክሁባት፤ የዘጋሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም ብያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው አንድ ቃል የማትልክልኝ።"

"አትጨነቅ" አልሁት። ከዚህ በኋላ ወደ እስር ቤቱ አልሄድሁም። ሚስቴ ስንቅ ስትቋጥር እኔ ሥራ አለብኝ እያልሁ ሰው እልክ ነበር። ጣናን የሚያሳየውን መንገድ ትቼ በፔዳ ኮሌጅ በኩል ዞሬ ቤቴ እገባ ጀመር።

የካቲት ሰማንያ ሦስት ከተማው ተያዘ። ሊቀመንበሩ ጠፋ፣ ወታደሩ ዕቃውን እየጣለ ሸሸ፣ የእስር ቤቱም በር ተከፈተ። መስዑድ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ በእግሩ ቤቱ ገባ። ዘኪያ በር ከፈተችለት፣ የሚታጠብበት ውኃ አቀረበችለት፣ ምግቡን አስቀመጠችለት። ቃል ግን አልተነፈሰችለትም።

በሳምንቱ አገኘሁ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ከጦር ሜዳ ተመለሰ። አብረው የሄዱ ናቸው። አብዱልወሃብ በሄደ በሦስተኛው ወር ደብረ ታቦር በኩል ሞቷል። የጥይት ሳጥን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ነው። "ጠላት አጠገባችን ደርሶ ሁሉም እየተኮሰ ሲያፈገፍግ እሱ ምንም አልነበረውም" አለ አገኘሁ። "ጠመንጃ አልሰጡትም ነበር፤ ጣት የለህም ብለው።"

ይህን የሰማሁት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ፣ ከመስዑድ አጠገብ ተቀምጬ ነው። መስዑድ የቀኝ እጁን በግራ እጁ ጨብጦ ያዘው፣ ሰው እስኪበተን አልለቀቀውም።

ከለቅሶው በኋላ ማሽኖቹን ያከፋፍል ጀመር። ጣሊያኑን ለጀልባ ሠሪዎቹ ሰጠ፣ ሽማግሌውን መልሶ ሐይቅ ውስጥ ጣለው አሉ። አንድ ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት መስዑድ ቆሟል፣ ከኋላው በጋሪ ላይ ጀርመኑ በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ላንተ ነው" አለኝ። "ስሞት ብዬህ ነበር፤ ይኸው ያው ነው።"

ተሸክመን አስገባነው። ዓመታት ስመኘው የኖርሁት ማሽን በነጻ ባንኮዬ ላይ ተቀመጠ። መስዑድ በእጁ አልነካውም፤ በክንዱ አቅፎ ነበር የተሸከመው። አሁን ሊሄድ ዞረና በሩ ላይ ቆመ።

"እጄ ነው የከዳኝ" አለ። "ሌላ ሰው ቢሆን ይቅር እለው ነበር።"

አልቻልሁም። ቁጭ አልሁ፤ መሬቱ ላይ ነው የተቀመጥሁት።

"እጅህ አይደለም" አልሁት። "እኔ ነኝ። ቅዳሜ ስደርስ ሰፍቶ አገኘሁት። ሰው እንዳይሰድብህ ብዬ ዘጋሁት። ሃምሳ አለቃው ሲጠይቀኝ ፈራሁ። አንተ ስትጠይቀኝ አፈርሁ።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከውጭ ጋሪው የተጠመደበት ፈረስ ሲያሽካካ ይሰማኛል።

"ተነሣ" አለኝ በመጨረሻ። "ይህን ለኔ ሳይሆን ለዘኪያ ንገራት።"

ተነሥቼ ተከተልሁት። ዘኪያ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ የተቀደደ መረብ ትጠግን ነበር። እኔን ስታይ ልትነሣልኝ ጉልበቷን ያዘች፤ አይነሡ አልኋት። ቆሜ ነገርኋት። አንድም ሳላስቀር፣ ቁልፉን ከግድግዳው ከማውረዴ ጀምሮ እስከ ሽቦው ድረስ። እየሰማች መረቡን ትጠግን ነበር፤ መሐል ላይ እጇ ቆመ።

"ስንት ነበር?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ክፍተቱ።"

"የጣት ውፍረት።"

የራሷን ጣት አየች። መናገር ጀመረች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም።

"መስዑድ እሱን ሲከፍት ቁልፉ ሦስት ጊዜ ወደቀበት። ልጄ 'እኔ ልክፈተው አባቴ' አለው። ከዚያ ጣቱን አስገብቶ ቆመ። አባቱ ክንዱን ያዘ። እኔ በሻሼ ዓይኑን ሸፈንሁለት። አልጮህም ብሎን ነበር፤ ጮኸ። ይህን ሁሉ አድርገን ነው ልጃችንን ያዳንነው። ከዚያ አንተ መጣህ፣ ደሙን ጠረግህ፣ እኔም አላህ ይስጥልኝ አልሁህ።"

መስዑድ በሩ አጠገብ እንደ ቆመ ነው። ወደሱ ዞረች።

"መስዑድ" አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። "ምግብህ ድስቱ ውስጥ ነው። ገብተህ ብላ።"

እሱ አልገባም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ልሄድለት አንድ እርምጃ ተራመድሁ።

"አንተ ሂድ" አለችኝ ዘኪያ።

አሥራ አምስት ዓመት እርስዎ ስትለኝ ኖራለች። ሄድሁ።